በቡራዊ ባሕር ላይ የተተከለው አጥር

ኸሚስ ባሕሩ ዳር ተቀምጦ ከዘንባባ ዝንጣፊ ላይ እሾህ ሲመለምል ሚስቱ ዋሲላ ቤት ረስቶት የወጣውን ስልክ ይዛ መጣች። ነፋሱ ሻርፗን ከራሷ ላይ ገፎታል፤ አላስተካከለችውም።

"ለስዓድ ነው" አለችና ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

ለስዓድ የወዳጁ የፈርጃኒ ልጅ ነው። ከባሕሩ ማዶ፣ ስፋክስ ከተማ፣ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ሱቅ አለው። በዚያ ሰዓት ደውሎ አያውቅም።

"አጎቴ ኸሚስ፣ አባቴ አረፈ" አለ። "ሱብሒ ላይ ነው።"

ኸሚስ ቢላዋውን አሸዋው ላይ ሰካው።

"መርከቡ ቆሟል አይደል?" አለ ለስዓድ።

"ቆሟል። ነፋሱ አልበረደም።"

"እንግዲህ ልናቆየው አንችልም። ከአሱር ሶላት በኋላ እዚሁ እንቀብረዋለን። ደሴቱ ላይ ከእናቴ ጎን ነበር የሚፈልገው፤ አውቃለሁ። ምን ላድርግ አጎቴ?"

"ምንም አታድርግ ልጄ። ሟች አይቆይም። አላህ ይዘንለት። አንተንም አላህ ያጽናህ።"

ስልኩን ለዋሲላ መለሰና ቢላዋውን አነሳ። አንዱን ዝንጣፊ ጨርሶ ሌላውን ያዘ። ዋሲላ ትንሽ ቆማ አየችው።

"ተው እንግዲህ" አለችው።

"ይደርቃል" አላት።

እውነቱን ነው፤ የተቆረጠ ዝንጣፊ ካልተመለመለና ባሕር ካልገባ ይደርቃል፤ ከደረቀ ደግሞ ሲረግጡት ይሰበራል። ዋሲላ ግን ይህን አጥታው አልነበረም የተናገረችው። አጠገቡ ተቀመጠችና ከክምሩ አንድ ዝንጣፊ ስባ እሾሁን በእጇ ትነቅል ጀመር። ሰዎች እስኪመጡ ድረስ አብረው መለመሉ።

በአሱር ሰዓት ኸሚስ መስጊድ ሄደ። ሰግዶ ሲወጣ ወደ ስፋክስ በኩል ቆሞ ተመለከተ። ውሃው ሁሉ ነጭ አረፋ ነበር። ከዚያ ማዶ ወዳጁን ወደ አፈር እያወረዱት ነው፤ በዚህ በኩል ደግሞ እሱ ጫማውን ያጠልቃል።

ፈርጃኒ በከርከና ደሴት ተወልዶ፣ እዚያው ጎልምሶ፣ እዚያው ያረጀ ሰው ነው። ስለ እሱ የሚነገር ታላቅ ነገር የለም። ባሕር ማዶ ሄዶ አልከበረም። ሐጅ ለመሄድ ቢመኝም አልደረሰለትም። ዋና እንኳን በቅጡ አይችልም ነበር። "ባሕራችን ጉልበት ላይ ነው፤ የሚሰምጥ ሰው ካለ ለመስመጥ የተንበረከከ ነው" ይል ነበር። የሚታወቀው በምላሱ ነው። ከንጋት እስከ ምሽት ያወራል። ዓሣውንም፣ ነፋሱንም፣ መንግሥትንም፣ የራሱን አህያም ይሰድባል። ድምፁ ሻካራ ሆኖ ሳለ መዝፈን ይወዳል። መብሩካ፣ ሚስቱ፣ "ዓሣው አጥር ውስጥ የሚገባው ከዘፈንህ ሸሽቶ ነው" ትለው ነበር።

ኸሚስ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ቃል ከአፉ የሚወጣው ተለክቶ ነው። ባሕራቸው ጎን ለጎን ነበር። በዚያ ደሴት ጥልቀት የሌለው ባሕር እንደ እርሻ ከአባት ለልጅ ይወረሳል፤ ድንበር አለው፤ ባለቤት አለው። በመከር ጊዜ ሁሉም በየባሕሩ ላይ የዘንባባ ዝንጣፊ አቁሞ ረጅም አጥር ይሠራል። ውሃው ሲሸሽ ዓሣው አብሮ ሊሄድ ሲል አጥሩ ያግደዋል፤ መውጫ ሲፈልግ ግድግዳውን ተከትሎ ጫፍ ላይ ወዳለው የማጥመጃ ክፍል ይገባል፤ ከገባ አይወጣም። ይህን ሥራ አንድ ሰው ብቻውን አይሠራውም። አንዱ በሹል ብረት የባሕሩን ወለል ይበሳል፤ ሌላው ዝንጣፊውን ሰክቶ በእግሩ ይረግጠዋል። ሁለቱ ጎረቤታሞች አባቶቻቸው ሲያረጁ የሁለቱን ባሕር አንድ አድርገው አንድ አጥር መትከል ጀመሩ። ኸሚስ ይበሳል፣ ፈርጃኒ ይረግጣል። ፈርጃኒ ያወራል፣ ኸሚስ ይሰማል።

ዋሲላን ለኸሚስ የጠየቀለትም ፈርጃኒ ነው። ኸሚስ ራሱ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆሞ መሬት መሬት ያይ ነበር። የዋሲላ አባት ግራ ገብቷቸው፣

"ይሄ ልጅ ዲዳ ነው እንዴ?" አሉ።

"ኧረ አይደለም" አለ ፈርጃኒ። "ቃሉን ለልጅዎ እያጠራቀመላት ነው።"

ዋሲላ ይህን ነገር እስካሁን ትጠቅሰዋለች። "የተጠራቀመው የት እንደገባ እንጃ" ትላለች።

ኸሚስና ዋሲላ አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ በትኩሳት ሞተችባቸው። ጎረቤት ሁሉ የገብስ ኩስኩስ፣ ዘይት፣ ዳቦ ይዞ መጣ። የሚያጽናና ቃል የነበረው ሁሉ ተናገረ። ፈርጃኒ ግን ምንም ሳይዝ መጥቶ ኸሚስ አጠገብ ተቀመጠ፤ ለቀስተኛው እስኪበተን ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ያ ሁሉ ምላስ ጸጥ አለ። ኸሚስ በኋላ ለሚስቱ፣ "ከሰው ሁሉ ቃል የሱ ዝም ማለት ነው የያዘኝ" ብሏታል። ስለዚያ ጊዜ ከዚህ በላይ ተናግሮ አያውቅም።

ዓመታት አለፉ፤ መብሩካም ሞተች። ፈርጃኒ ከቀብር ተመልሶ ቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ አልወጣም።

መጀመሪያ ሰው ሐዘን ነው አለ። መትከያው ደርሶ አለፈ፤ አልወጣም። ክረምት ገባ፤ አልወጣም። ሻይ ቤት አይሄድም፤ ለጁምዓ ሶላት እንኳን አንዳንዴ ይቀራል። ጢሙ አደገ። ለስዓድ ጥሩ ልጅ ነው፤ አባቱን አልረሳም። በየመርከቡ ዕቃ ይልካል። ትልቅ ቴሌቪዥን ላከ፤ ማቀዝቀዣ ላከ፤ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላከ፤ ወደ ኋላ የሚለጠጥ ወፍራም ወንበርም ላከ። ያ ወንበር ለጠቅላላው ደሴት ወሬ ሆነ። ፈርጃኒ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥኑን ሳይከፍት ያየዋል። ዕቃው በበዛ ቁጥር ሰውየው እያነሰ ሄደ።

ለስዓድ በመጣ ጊዜ ኸሚስን በር ላይ ይዞ፣ "አጎቴ፣ ሌላ ምን ልግዛለት?" ብሎ ጠየቀው። ዓይኑ ቀልቷል።

"አላውቅም ልጄ" አለው ኸሚስ።

እሱም በየቀኑ ይሄዳል፤ ይቀመጣል፤ ዝም ይላል። ፈርጃኒ በአንድ ወቅት ለእሱ ያደረገለትን መመለሱ ነበር። ግን አልሠራም። ዝምታ ለኸሚስ መድኃኒት ነበር፤ ለፈርጃኒ ግን መቃብር ሆነ። ኸሚስ ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ወሰደበት። እነዚያን ሁለት መከሮች አጥሩን ከተቀጠረ ሰው ጋር በግማሽ ተከለው። ወዳጁን ካላስነሳው እዚያ ወንበር ላይ እንደሚቀብረው ገባው።

በሦስተኛው መከር አንድ ጠዋት ገብቶ እንደልማዱ ተቀመጠና፣

"ዓይኔ ደከመ" አለ።

ፈርጃኒ ቀና አላለም። "ሐኪም ቤት ሂድ።"

"ሄድኩ። ዕድሜ ነው አሉኝ።"

"እንግዲያው ዕድሜ ነው።"

"የባሕሩን ምልክት ማየት አቃተኝ። መትከያው ደርሷል።"

ፈርጃኒ አሁን ቀና አለ። ለረጅም ጊዜ እንዲህ አይቶት አያውቅም።

"አንተ? ባሕር መሐል ቆመህ የሰው ደጅ ላይ ያለችው ዶሮ ሴት ትሁን አውራ የምትለይ ሰውዬ፣ ዛሬ ሚናራ ጠፋብህ?"

"ጠፋብኝ።"

"ውሸታም።"

"እሺ ውሸታም ልሁን። ዓይን ግን ያስፈልገኛል። ካልመጣህ ዘንድሮ አልተክልም።"

"ጎረቤታችንን ቡራዊን ውሰድ። እሱ ዓይን አለው።"

"ቡራዊ ይጮኽብኛል።"

"እኔስ አልጮኽብህም?"

"ያንተን ለምጄዋለሁ።"

ፈርጃኒ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። ኸሚስ ተነስቶ በሩ ጋ ደረሰ።

"ውሃው ጠዋት ነው የሚሸሸው" አለ ሳይዞር። "ጢምህን ተላጨው። ዓሣው ይደነግጣል።"

በማግስቱ ፈርጃኒ ባሕሩ ዳር ቆሞ ነበር። ጢሙን አልተላጨም፤ ጫማውን ግን አውልቆ በእጁ ይዟል።

አጥር በግምት አይተከልም። ባሕር ላይ ድንጋይ አቁሞ ድንበር ማድረግ ስለማይቻል ሰዉ ወደ የብስ እያየ ነው የሚለካው። የነሱና የቡራዊ ባሕር ድንበር የሚታወቀው ከዳርቻው ያለችው ብቸኛ ዘንባባ ከመስጊዱ ሚናራ ጋር ስትገጥም ነው። ከዚያ መስመር ወዲህ የነሱ ነው፤ ወዲያ የቡራዊ።

ፈርጃኒ ጀልባዋ ላይ ቆሞ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ አየ። "ወደ ግራ። ትንሽ ወደ ግራ። ኧረ ግራ አልኩህ፣ ግራህ የት እንደሆነም ጠፋህ? በቃ! እዚያ!"

ኸሚስ ብረቱን ሊሰካ ሲል ራሱም አየ። ያቺን የድሮዋን ዘንባባ ባለፈው ክረምት ማዕበል ጥሏታል። ፈርጃኒ ያን ክረምት ቤቱ ነበር፤ አልሰማም፤ ሰምቶም ከሆነ አላስተዋለውም። አሁን ዳርቻው ላይ ብቻዋን የቆመችው ሌላ ዘንባባ ናት፤ ርቃ ያለች፣ ድሮ ከሌሎች ጋር ተቀላቅላ የማትታይ፣ ማዕበሉ አጠገቧ ያሉትን ሲጥል የተረፈች። ፈርጃኒ በሷ ለክቶ ኸሚስን ያቆመው ድንበሩን አልፎ ቡራዊ ባሕር ውስጥ ነው።

ኸሚስ ብረቱን እንደያዘ ቆመ። አንድ ቃል ቢናገር ነገሩ ይስተካከላል። ግን ዓይኑ የደከመ ሰው ምን ብሎ ይናገራል? ቢናገርስ? ወዳጁ ከሁለት ዓመት በኋላ ዛሬ ከወንበሩ ተነስቶ፣ መጀመሪያ ባደረገው ነገር ተሳስቷል። ነገ ይመጣል? ቀና ብሎ አየው። ፈርጃኒ ጉንጩ ከነፋሱ ቀልቶ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ "ምን ትጠብቃለህ፣ ውሃው እኮ እየተመለሰ ነው፣ ሰነፍ!" እያለ ይጮኻል።

ኸሚስ ብረቱን ሰካ።

ያን መስመር ተከትለው መላውን ግድግዳ ተከሉ። ስንት ቀን እንደፈጀባቸው ሁለቱም አልቆጠሩም። የዘንባባ ዝንጣፊው ከበጋ ጀምሮ እየተመለመለ ባሕር ውስጥ የተጠራቀመ፣ የዓመት ጉልበት ነው። ፈርጃኒ በሁለተኛው ቀን ማውራት ጀመረ። በአራተኛው ዘፈነ። ኸሚስ እየበሳ ይሰማል። ሌሎች አጥር ተካዮች ከሩቅ ድምፁን ሲሰሙ ቀና ብለው ተያዩ፤ አንዱ እጁን አውለበለበ።

ቡራዊ የመጣው ክፍሉን ሊጀምሩ ሲሉ ነው። ቡራዊ ግዙፍ ሰው ነው፤ ቁጣው ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎም ይበርዳል። በእግሩ ውሃውን እየሰነጠቀ መጣ።

"እናንተ ሽማግሌዎች! አብዳችኋል? ይሄ የማን ባሕር ነው?"

"የኛ ነው እንጂ የማን ነው?" አለ ፈርጃኒ። "ምልክቱን እየው፣ ያቺ ዘንባባ . . ."

"የቷ ዘንባባ? ዘንባባዋ ከወደቀች ዓመት ሆናት! ያቺ የአብዱስታር ጓሮ ያለችው ናት!"

ፈርጃኒ ዞሮ አየ። ብዙ አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ደም ሁሉ ወረደ። ውሃው ተመልሶ እስከ ወገቡ ደርሶ ነበር፤ ኸሚስ ሲያየው ወደ ታች የሚሰምጥ መሰለው። በዚያ ደሴት ድንበር መሳት ቀላል ነገር አይደለም። በሰው ባሕር ላይ የቆመ አጥር የባሕሩ ባለቤት ንብረት ነው፤ በሰው እርሻ ላይ እንደተተከለ ዛፍ። ቡራዊ ሁሉንም ቢወስድ ማንም አይፈርድበትም።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ ኸሚስ። "እሱ በትክክል ነው የነገረኝ። እኔ ነኝ የሳትኩት። ዓይኔ ደክሟል።"

"ያንተ ዓይን?" አለ ቡራዊ። "ትናንት እኔ ከመስጊዱ ወዲያ ሆኜ፣ አንተ ከዚህ ሆነህ ቅርጫቴ ቀዳዳ እንዳለው አልነገርከኝም?"

ኸሚስ ቡራዊን ብቻ ተመለከተው። ቡራዊ አንዱን አየ፤ ሌላውን አየ። ፈርጃኒ እጆቹ ውሃው ላይ ተንሳፍፈው፣ እንደተቀጣ ሕፃን አንገቱን ደፍቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ባሕር ላይ አላየውም። ቡራዊ ከዚያ አፍንጫውን አሻሸ።

"መሽቶ ነበር ትናንት" አለ በመጨረሻ። "ደክሞህ ይሆናል። በገዛ ዓይንህ ማን ያዛል?"



"እንግዲህ የተተከለ ተተክሏል" አለ ቡራዊ። "ክፍሉን ጨርሱት። ዓመቱን ይቁም። ዓሣውን እንካፈላለን፤ ሁለት እጅ ለኔ፣ አንድ እጅ ለናንተ።"

ፈርጃኒ ቀና አለ።

"አንድ እጅ?"

"አዎ አንድ እጅ።"

"ጉልበቱ የኛ፣ ዝንጣፊው የኛ፣ አንተ ቆመህ ስትጮኽ የዋልክ ሰው ሁለት እጅ?"

"ባሕሩ የኔ ነው እኮ ሰውዬ!"

"ባሕር የአላህ ነው። እኩል!"

"የሰው ባሕር ሰርቆ እኩል ይላል! ያ አላህ፣ ስሙልኝ!"

"አልሰረቅንም፣ ተሳሳትን። ደግሞ ያንተ ባሕር ዓሣ የለውም፤ ዓሣው የመጣው የኔን ዘፈን ሰምቶ ነው።"

ቡራዊ ሳቁ አመለጠው። እኩል ተስማሙ። ማዶ ያሉት አጥር ተካዮች ጩኸቱን ሰምተው ጠብ መስሏቸው መምጣት ጀምረው ነበር፤ ሳቁን ሲሰሙ ተመለሱ።

ወደ የብስ ሲመለሱ ፈርጃኒ ጀልባዋ ጫፍ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ብዙ ከቀዘፉ በኋላ፣

"ስትሰካ ታውቅ ነበር?" አለ።

"ዓይኔ ደክሟል አልኩህ እኮ።"

ፈርጃኒ አልዞረም። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ይሳቅ ያልቅስ ኸሚስ አላየም፤ ሊያይም አልፈለገም።

"ነገ በጊዜ ና" አለ ፈርጃኒ። "ክፍሉ ይቀረናል።"

ከዚያ በኋላ ሰውየው ኖረ። ለስዓድ የላከውን ቴሌቪዥን ለሻይ ቤቱ አበረከተው፤ የኳስ ጨዋታ ሲኖር ከፊት ተቀምጦ ተጫዋቾቹን በየስማቸው ይሰድባል። ማቀዝቀዣውን መረብ ማስቀመጫ አደረገው። በወንበሩ ላይ ድመቷ ወለደች። በየመከሩ እሱ ያያል፣ ኸሚስ ይበሳል። አዲስ ምልክት አወጡ፤ ምልክቱን ግን ኸሚስ ጠይቆት እንጂ ራሱ አይቶ አያውቅም። ፈርጃኒም "ይሄ ዕውር ምን ይሆን ነበር ያለ እኔ" ይላል፤ ሻይ ቤቱ ይስቃል። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። ለስዓድ አንድ ቀን አባቱን ሲዘፍን ከሩቅ ሰምቶ መንገድ ላይ ቆመ፤ "ምን አደረጉለት?" ብሎ ዋሲላን ጠየቃት። "የኔ ባል ታወረ" አለችው ዋሲላ።

ዘንድሮ ፈርጃኒ በመትከያው መሐል ሳል ያዘው። መጀመሪያ ቀለደበት፤ በኋላ ደም አየ። ለስዓድ መጥቶ ወሰደው። ሐኪም ቤት አስተኛው፤ ከዚያ ወደ ራሱ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው አመጣው። ከፍ ዝቅ የሚል አልጋ ገዛለት፤ ሴት አስታማሚ ቀጠረለት። ሰፊ መስኮት ያለው ክፍል ነበር፤ መስኮቱ ግን ወደ ሌላ ፎቅ ነው የሚያየው።

የአጥሩ ግድግዳ ተተክሎ ነበር፤ የማጥመጃው ክፍል ይቀራል። ኸሚስ ከጀልባዋ ላይ ሆኖ ደወለ።

"ምልክቱ ጠፋኝ" አለ።

"የት ነህ?" አለ ፈርጃኒ። ድምፁ ቀጥኗል።

"እኔ ምን አውቃለሁ? ዕውር ነኝ።"

"ሚናራው በየት በኩል ነው?"

ኸሚስ ነገረው። ሚናራውን፣ የአብዱስታርን ጓሮ፣ የቡራዊን ጀልባ፣ የውሃውን መልክ፣ ግድግዳው ላይ የተቀመጡትን ወፎች ሁሉ ነገረው። በሕይወቱ ያን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ፈርጃኒ እየሳለ "ወደ ግራ፣ ወደ ግራ" ይላል። በየቀኑ እንዲህ ሆነ። ኸሚስ ብቻውን ምንም ሊተክል አይችልም ነበር፤ ጀልባዋን አስሮ ይቀመጥና ይደውላል።

ለስዓድ አንድ ቀን ስልኩን ተቀብሎ ወደ ሌላ ክፍል ወጣ። "አጎቴ፣ ከእርስዎ ጋር ካወራ በኋላ ብቻ ነው የሚበላው" አለ። "እኔ ያላመጣሁለት ነገር የለም። ምን እንደጎደለኝ አላውቅም።"

"ምንም አልጎደለህም ልጄ" አለው ኸሚስ። "አንተ ልጁ ነህ። እኔ ደግሞ የማስቸግረው ሰው ነኝ።"

ኸሚስ ወደ ስፋክስ ሊሻገር ፈልጎ ነበር። ለፈርጃኒ ሲነግረው ተቆጣ። "ክፍሉን ሳትጨርስ? ግድግዳ ያለ ክፍል ምን ያደርጋል? ዓሣው ደርሶ ይመለሳል፣ ይስቅብናል። ቡራዊን ለምነው ይርገጥልህ። ከዚያ ዓሣ ይዘህ ና። ባዶ እጅህን አራተኛ ፎቅ እንዳትወጣ።"

"ቡራዊ ይጮኽብኛል።"

"ቻለው" አለ ፈርጃኒ። ከዚያ ሳሉ መጣና ስልኩን አስታማሚዋ ወሰደችው።

በማግስቱ ነፋሱ ተነሳ። መርከቡ ቆመ። ቀሪውን ከላይ ተናግረናል።

ነፋሱ ሲበርድ ለስዓድ ወደ ደሴቱ ተሻገረ። የአባቱን ቤት ከፈተ፤ ሰው መጣ፤ ኩስኩስ ቀረበ፤ ቁርአን ተቀራ። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ኸሚስ ጋ መጥቶ ቆመ።

"አጎቴ፣ ባሕሩን እርስዎ ይያዙት። ጀልባውንም። እኔ ምን አደርግበታለሁ? ሌላ የሚፈልጉት ካለ ይንገሩኝ። ምን ላምጣልዎት?"

"ተቀመጥ" አለው ኸሚስ።

ለስዓድ ተቀመጠ። ዋሲላ ሻይ አመጣች።  ውሃው እስኪሸሽ ድረስ ተቀምጠው ቆዩ። ለስዓድ ሲነሳ ኸሚስ እጁን ያዘው፤ ቶሎም አልለቀቀውም።

ቡራዊ ሳይለመን መጣ። "ነገ ልርገጥልህ" አለ። ኸሚስ እሺ አለ። ሄዱ። ቡራዊ ጥሩ ሠራተኛ ነው፤ ከፈርጃኒ ይበልጣል፤ ዝንጣፊው አንዴ ሲረግጠው ቀጥ ብሎ ይገባል። አልጮኸም። ለሐዘኑ ክብር ሲል ይሆናል፣ አንድ ቃል እንኳን አልተናገረም። ኸሚስ ጥቂት በስቶ ብረቱን ጀልባዋ ውስጥ አስቀመጠው።

"ምን ሆንክ?" አለ ቡራዊ። "ምልክቱ ጠፋህ? ልይልህ?"

"አይ" አለ ኸሚስ። "ይታየኛል።"

ቡራዊ ገባው። ጀልባዋን ራሱ እየገፋ ወደ የብስ መለሳት።

አሁን የሌሎቹ አጥር ሁሉ ዓሣ ይዟል። ለስዓድ በየሳምንቱ ይደውላል፤ ዋሲላ ታነሳለች። ኸሚስ ጠዋት ጠዋት ባሕሩ ዳር ይወርዳል፣ ቆሞ ያያል፣ ይመለሳል። ወደ ስፋክስ ገና አልተሻገረም፤ መቃብሩን አላየም። ግድግዳው እንደቆመ ነው፤ ክፍሉ አልተተከለም።